ለፋሲካ፦ ሻንጣ ለሚያዘጋጁ ልጆቻችንና ለአያቶቻቸው

ወዳጆቼ የቤተ እስራኤል ልጆች፣ እንኳን ለአይሁድ ፋሲካ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ሐግ ሳሜያሕ (መልካም በዓል)!

እርሾው ከቤት ወጥቷል፤ ማጀቱም ተጠርጓል። እናቶቻችን ጎንደር ሳሉ አሮጌውን ሸክላ ሰብረው በአዲስ ድስት ነበር በዓሉን የሚቀበሉት። እዚህ እስራኤል ድካሙ ወደ ሱፐርማርኬት ወረፋ ተዛውሯል።

ዘንድሮም በአንዳንድ ቤት ከቂጣው ጎን ሻንጣ ይዘጋጃል፤ ልጆች ወደ ፖላንድ ሊሄዱ ነው። ከ1988 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ከብዙ አገር የተሰባሰቡ አይሁድ ወጣቶች በሾዓ (ናዚዎች አይሁድን የጨረሱበት እልቂት) መታሰቢያ ቀን፣ ከናዚዎቹ ካምፕ ከአውሽዊትዝ እስከ ቢርከናው የሞት ካምፕ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዛሉ፤ «የሕያዋን ሰልፍ» ይሉታል። ቀኑ በአይሁድ አቆጣጠር ኒሳን በሚባለው ወር 27ኛው ቀን፣ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው ነው። የዋርሶ ጌቶ (ናዚዎች አይሁድን የዘጉበት ሰፈር) አመፅ የፈነዳው ኤፕሪል 19 ቀን 1943፣ ልክ በፋሲካ ዋዜማ ነበርና መታሰቢያውን ከእሱ ጋር ለማያያዝ ታሰበ፤ በዓል ላይ ሐዘን አይዋልምና ወደፊት ገፉት። የአመፁ መሪ ሞርዴካይ አኒየሌቪች ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር።

የእኛ ልጆች ሲሄዱ «የአንተ አያቶች እዚያ አልነበሩ፤ ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። አንዳንዱ ፈረንጅ ነው፤ አንዳንዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእኛው ሰው። ግብፅስ ማናችን ነበርን? በሰደር፣ በፋሲካ ሌሊት ማዕድ ላይ፣ በየትውልዱ ሰው ራሱን ከግብፅ እንደ ወጣ ይቁጠር እያልን እናነብ የለም?

ደግሞ ፖላንድ ለቤተ እስራኤል ያን ያህል ባዕድ አይደለችም። ጃክ ፋይትሎቪች በ1881 የተወለደው ሎድዝ ነው። በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መንደሮቻችንን ያየ፣ የእኛውን ታምራት አማኑኤልን ለትምህርት ወደ አውሮፓ የወሰደ፣ በኋላም አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት የከፈተልን እሱ ነው። በጦርነቱ ዋዜማ ሎድዝ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ አይሁድ ይኖሩ ነበር። ናዚዎች በ1940 ጌቶ ውስጥ ዘጉባቸው፤ በኦገስት 1944 ከሞት የተረፉትን አብዛኞቹን ወደ አውሽዊትዝ ጫኗቸው። የሎድዝ ልጅ ስለ እኛ አገር ለአገር ዞሮ ጮኾልናል፤ የእኛ ልጅ ለሎድዝ ሰዎች ቢያለቅስ ምን ይገርማል?

ለመምህራኑ አንድ ልመና አለኝ፦ ቲኮቺን በምትባለው የፖላንድ ከተማ ላይ አትቸኩሉ። በ1642 የተሠራው ምኩራብ ዛሬም ቆሟል፤ ግድግዳው በጸሎት ጽሑፍ ተሞልቷል። ልጆቹ እዚያ ይዘምሩ፣ ያጨብጭቡ። ከዚያ በኋላ ነው በኦገስት 1941 የከተማዋ አይሁድ ወደተረሸኑበት ወደ ሎፑሆቮ ጫካ መሄድ ያለባቸው። ሞትን ብቻ አይቶ የሚመለስ ልጅ ምን እንደጠፋ አያውቅም።

ሲመለሱ ደግሞ አያቶቻቸው ጋ ይቀመጡ። ወደ ሱዳን ስንወጣ በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ኢየሩሳሌም ባለው ኸርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የትሬብሊንካን የሞት ካምፕ የመታሰቢያ ድንጋዮች አይቶ የመጣ ልጅ የአያቱን ኡም ራኩባ፣ የሱዳኑን የስደተኞች ካምፕ፣ አለማወቁ ይከነክነኛል። በልጁ ብቻ አልፈርድም፤ ሽማግሌዎቻችን ዝምታ ያበዛሉ። የሾዓ ተራፊዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ የብዙዎቹ አንደበት የተፈታው በ1961 የእልቂቱ አቀናባሪ ናዚው አይኽማን ኢየሩሳሌም ለፍርድ ሲቀርብ ነው። የእኛዎቹ ግን ችሎት አያስፈልጋቸውም፤ ጊዜ ያለው ልጅ ይበቃቸዋል። በዓሉ ሰባት ቀን ነው፤ ቡናው ይፈላ፣ ስልኩ ድምፅ ይቅዳ፣ አማርኛው የከበደው ልጅ እናቱን አጠገቡ ያስቀምጥ።

ለተጓዦቹ መልካም መንገድ። በሚያዝያም ቢሆን ፖላንድ ይበርዳል፤ ወፍራም ጃኬት አትርሱ።

መልካም ፋሲካ ለሁላችሁም!