የእህቴ ቀጠሮ
ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ባስደረበን ሰዓት፣ ታናሽ እህቴን ይዤ ወደ ማህፀን ሐኪም ሄድኩ። በየወሩ ጎንበስ ብላ የምትሰነብትበትን ሕመም እናታችን «ስትወልጂ ይለቅሻል» እያለች ስታጽናናት ኖራለች፤ እኔም፣ አልዋሽም፣ ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ማህፀን ሥላ እንዳስረዳችን፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ኅብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁልጢ (የሴት እንቁላል በሚመረትበት አካል) ወይም በአንጀት አካባቢ በቅሎ ብግነትና ጠባሳ የሚያስከትልበት ሕመም ሲሆን፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። አልትራሳውንዱ ምንም ባያሳይም ሕመሙ የለም ማለት እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረችን። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ባይኖረውም፣ አይቡፕሮፌንና የሆርሞን እንክብል ያስታግሱታል፤ ካልበቃም ቀዶ ሕክምና አለ። እህቴ ሥዕሉን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።