ባለ ጣት ካልሲ ለረጅም ርቀት ሩጫ፦ በሱሉልታ፣ በእንጦጦና በሰንዳፋ መንገድ ያየሁት

ረጅም ርቀት በሮጥኩ ቁጥር በትንሿና ከእሷ ቀጥላ ባለችው ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ ውሃ ይቋጥርብኝ ነበር። ተረከዜም ሆነ ውስጥ እግሬ ደህና ነው፤ ሕመሙ የሚጀምረው ሁልጊዜ ጣት ከጣት በሚገናኝበት በዚያ ጠባብ ቦታ ነው። ክረምት ገብቶ የሱሉልታ ሜዳ ሣር ሲረሰርስ ደግሞ ይብስብኛል፤ ካልሲው ልምምዱ ሳይጋመስ ውሃ ይጠጣል፣ በመጠኑ የራሰ ቆዳም ከደረቅ ቆዳ ይልቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ቫዝሊን መቀባት ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይረዳል፣ ሆኖም ውሃና ላብ ሲበዛበት ስለሚለቅ እስከ ረጅሙ ሩጫ መጨረሻ አያደርስም።

በዚያው ሜዳ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ አንድ አንጋፋ ሰው ጉዳዩን ሳማክራቸው፣ “ልጄ፣ ካልሲ ከመለወጥህ በፊት የትኛው ቦታ እንደሚቋጥርብህና ከምን ጋር እንደሚፋተግ ለይ” አሉኝ። ይህ ምክር ለሙከራዬ መሠረት ሆኖኛል። ውሃ መቋጠር ብዙዎቻችን እንደምናስበው የቆዳው ገጽ በመፋቁ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ የቆዳው ገጽ ከነካው ነገር ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የቆዳ ክፍል በሺህ በሚቆጠር እርምጃ ሲለጠጥ ውሎ በመጨረሻ ከውስጥ ይላቀቅና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። ተራ ካልሲ ጣቶችን ሁሉ በአንድነት ስለሚጠቀልል በመካከላቸው ቆዳ ከቆዳ ጋር ይገናኛል፤ ባለ ጣት ካልሲ ግን እያንዳንዱን ጣት ለብቻው ስለሚያለብስ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ጨርቅ ከጨርቅ ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። የእኔ ችግር በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ስለነበር መሞከሩ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

እኔ በምገዛባቸው ሱቆች ስላላገኘሁት ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ አስመጣሁ። የመረጥኩት ስስና አብዛኛው ናይለን የሆነውን ነው፤ ጥጥ ውሃ ከጠጣ በኋላ ቶሎ አይደርቅምና ለክረምት ሩጫ አይመከርም። በአንድ እግሬ አዲሱን፣ በሌላው ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ተራ የናይለን ካልሲ አድርጌ ሮጥኩ፤ ሁለቱንም እግር በአዲሱ ባለብስ ኖሮ ልዩነቱ ከጨርቁ ይሁን ከቅርጹ መለየት አልችልም ነበር። በሚቀጥለው ረጅም ሩጫ ደግሞ እግር አለዋወጥኩ። ይህም አስፈላጊ ነበር፤ በሰንዳፋ አስፋልት መኪናውን ፊት ለፊት እያየን በግራ ጠርዝ ስንሮጥ መንገዱ ወደ ውጭ ስለሚያዘቀዝቅ ግራ እግር ሁልጊዜ ከቀኙ ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ ጫናውም እኩል አይሆንም።

በሱሉልታ እርጥብ ሣር ላይ ልዩነቱ በግልጽ ታየ። ባለ ጣት ካልሲውም እንደ ሌላው ይርሳል፣ ነገር ግን እሱን ያጠለቅኩበት እግር ጣቶች መካከል ቆዳው ውሃ አልቋጠረም፤ በተራው ካልሲ በኩል ያለው እንደ ቀድሞው ቀልቶ ወጣ። እግር ስለዋውጥም ውጤቱ ካልሲውን ተከትሎ ተለዋወጠ። ይህን ሳይ በእውነት ተደሰትኩ፤ ለረጅም ጊዜ የሩጫ ዕጣ ነው ብዬ የተቀበልኩት ሕመም መፍትሔ ነበረው።

እንጦጦ ላይ ግን ሌላ ነገር ተማርኩ። ከባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ስንወርድ እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይገፋል። በአራቱ የጣት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የጨርቅ ድርብ ስለሚገባ እግሩ ከፊት በኩል በስምንት ድርብ ጨርቅ ይሰፋል። የልምምድ ጫማዬ ከፊት ሰፊ በመሆኑ ቻለው፤ ጠባቡ የውድድር ጫማዬ ግን ትንሿን ጣት ይጨምቃታል። ስለዚህ ይህን ካልሲ የሚያስብ ሰው ከካልሲው ዋጋ ጋር የጫማውን ስፋትም አብሮ ማሰብ አለበት።

አብረውኝ ከሚሮጡት መካከል እግር ነጻ ሲሆን ይሻላል የሚሉ አበበ ቢቂላን ይጠቅሳሉ። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ እውነት ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ከሮሙ በፈጠነ ሰዓት አሸንፏል። ስለዚህ የእሱ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል።

አጠላለቁ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በጨለማ ለሚነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እግርን በደንብ ማድረቅ፣ ከአውራ ጣት ጀምሮ እያንዳንዱን ጣት እስከ ጫፉ ማስገባት፣ ተረከዙን መጨረሻ ላይ መሳብ ያስፈልጋል፤ በጣት ጫፍ የተረፈ ጨርቅ ከታጠፈ ራሱ ይፈትጋል። ጥፍር አጭር ካልሆነ የአውራ ጣቱ ጫፍ ፈጥኖ ይበሳል። ሲታጠብም ጣቶቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ይገባል፤ ደቃቅ ጭቃ እዚያ ይቀራልና።

ተረከዙ ወይም ውስጥ እግሩ ለሚቋጥርበት፣ ወይም ጥፍሩ ለሚጠቁርበት ሯጭ ግን ይህ ካልሲ የተለየ ነገር አያደርግለትም፤ እሱ የጫማውን ልክና የማሰሪያውን አጠባበቅ ቢመረምር ይሻለዋል። እኔ አሁን በክረምትና በረጅም ሩጫ ቀን ባለ ጣቱን፣ በአጭር የፍጥነት ልምምድ ቀን ደግሞ ጠባቡን ጫማ ከተራው ካልሲ ጋር አደርጋለሁ። ለመሞከር የሚፈልግ አንድ ጥንድ ብቻ ገዝቶ፣ ካለው ሰፊ ጫማ ጋር በአጭር ርቀት ይጀምር፤ በታላቁ ሩጫ ማለዳ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያጠልቀው።