ጥፍር ያልገባበት ሒሳብ

እሑድ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣቶቼ አሁንም ጭስ ጭስ ይላሉ። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁ፣ አልለቀቀም። እንጀራ ስቆርስ እንኳ የሚሸተኝ የተቃጠለ እንጨት ነው። ትናንት በሌዘር ማሽኔ ከእንጨት የቆረጥኳቸውን 600 ሜዳሊያዎች አስረክቤአለሁ። ሒሳቡ ከጭንቅላቴ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ሥራው የመጣው አራት ቅርንጫፍ ካለው አንድ የአጸደ ሕፃናት ትምህርት ቤት ነው። ርእሰ መምህርቷ ፒያሳ ድረስ መጥተው፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍሌን አንድ ጊዜ ቃኘት አደረጉና «ልጄ፣ እኔ እንኳ የፈለግሁት ወርቅ የሚመስል ነገር ነበር» አሉኝ። ወርቃማ ፕላስቲክም ይዘው ነበር። አየሁት፤ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በሌዘር ሲቆረጥ የሚወጣው ጋዝ የሰው ሳንባም የማሽን ብረትም ይበላል፤ እሺ ልል አልችልም። ይልቅ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ራሱ አብዛኛው ብር እንደሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ከወርቅ የተሠራው ለመጨረሻ ጊዜ የተሸለመው እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ እንደነበር ነገርኳቸው። ሳቁ። «እንግዲያው እንጨቱ ይሻላል፤ እንጨት ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው» አሉና ተስማማን።

ጽሑፉ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ነበር። «ሴቶቹስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁለት ዓይነት ቢሠራ ማደባለቁ አይቀርም፤ በምርቃቱ ቀን አንዲት ሕፃን «አለህ» የሚል አንገቷ ላይ ገብቶላት ልታለቅስ ነው። «ያላችሁ» ብንለው ደግሞ ለአንድ ልጅ በዛ። ርእሰ መምህርቷ ጥቂት አሰቡና «ጎበዝ» አሉ። ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ ሦስት ፊደል ብቻ። ከሥሩ በትንንሹ «ተመራቂ 2017» ይጻፍበት ተባለ። ያችን ትንሽ መስመር እሺ ያልኩበትን ቀን እረግማለሁ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ሜዳሊያው ስፋቱ 6 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ማሽኔ እንዲችለው ስድስት ቦታ አስቆርጠዋለሁ፤ እያንዳንዱ 60 በ81 ያህል ይሆናል። መጀመሪያ ሪባን የሚገባበት ጆሮ አብጅቼለት ነበር። ጆሮው ቦታ በላ፤ በአንዱ ቁራጭ የገባው 99፣ በስድስቱ 594። ስድስት ጎደለ! ለስድስት ሜዳሊያ ሌላ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ሊገዛ? ጆሮውን አጥፍቼ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አስገባሁት። ክቦቹንም በቀጥታ መደዳ መደርደሬን ትቼ፣ እንደ ማር እንጀራ አንዱን ረድፍ በሌላው ክፍተት አሰካኋቸው። በአንዱ ቁራጭ 126፣ በስድስቱ 756 ሆነ። ያን ቀን ማታ ከንብ እኩል ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ተኛሁ።

ሰኔ ግን ሰኔ ነው። ኮምፔርሳቶው ከመርካቶ ሲመጣ ዝናብ አገኘው። ጎረቤቴ አናጢው ጋሼ ዳር ዳሩን በጣታቸው አንኳኩተው «ይሄ ጠጥቷል፤ ሁለት ቀን በክብደት ሥር አሳድሪው» ብለውኝ ነበር። አልሰማሁም፤ ቸኩያለሁ። የሌዘሩ ጨረር ስለታም የሚሆነው ከሌንሱ በተወሰነ ርቀት ላይ ብቻ ነው። እንጨቱ መሃሉ ላይ አምስት ሚሊሜትር ብድግ ካለ ጨረሩ ይደነዝዛል፤ ያቃጥላል እንጂ አይቆርጥም። የመጀመሪያው ቁራጭ እንዳለ ተበላሸ። 126 ሄደ። የቀሩትን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ፤ ምንም ሳይሉ የብሎኬት ክምራቸውን አሳዩኝ።

መጀመሪያ ለሙከራ የሠራሁትን አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፊደሎቹን እስከ ማዶ ላስቆርጣቸው ሞክሬ ነበር፤ የ«መ» ሁለት ዓይኖች ተያይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ። ወደ መቅረጽ ስመለስ ደግሞ የ«ቂ» እግር በጣም ትንሽ ስለነበረች በቃጠሎ ተዋጠችና «ተመራቀ» ሆኖ ወጣ። ፊደሉን አወፈርኩት፣ ኃይሉን ቀነስኩት፤ በአራተኛው ተነበበ። በእኛ ፊደል አንዲት ጭረት ስትጠፋ የሚጠፋው ውበት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቃል ይሆናል። ወይም እንደ «ተመራቀ» ምንም አይሆንም።

ማሽኑን አልወቅሰውም። መቅረጹና መቁረጡ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለ600 ሃያ ሰዓት። ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፤ ጭንቅላቱ የቆመበትን ስለሚረሳ መነሻውን እንደገና በዓይኔ ፈለግሁለት። ኮምፔርሳቶ የተደራረበ ስስ እንጨት ነው፤ በመሃለኛው ሽፋን ክፍተት ያጋጠማቸው አሥራ ዘጠኙ ደግሞ ጫፋቸው ተፈረካክሶ ተጣሉ። 611 ደኅና ቀረ። ዋጋ ስነግራቸው ያሰብኩት ይህንኑ ሃያ ሰዓት ነበር፤ በአንዱ 60 ብር።

አሁን ወደ ትንሿ መስመር። ጭሱ እንጨቱን ቡናማ እንዳያደርገው ፊቱን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር እንሸፍነዋለን። ተቀርጾ ሲያልቅ ፕላስተሩ ይላጣል። ዳር ዳሩ በአንድ መሳብ ይነሣል። በፊደሎቹ ዓይን ውስጥ የቀረው ግን አይነሣም፦ «መ» ሁለት፣ «ቂ» ሁለት፣ ከዓመተ ምሕረቱ ዜሮው አንድ። አምስት ቅንጣት በአንድ ሜዳሊያ፣ 3000 ቅንጣት በጠቅላላው። እያንዳንዱ ከሰሊጥ ያነሰ ነው። መሣሪያው ጥፍር ነው፤ ጥፍር ሲያልቅ መርፌ።

እማዬ ዓርብ ዕለት ቡና ልታፈላልኝ መጥታ ነበር። ሁለተኛውን ቡና ሳትጨርስ መነጽሯን አደረገች፤ ስፌት ስትሰፋ እንደምታደርገው ሜዳሊያውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመርፌ ጫፍ ዜሮዎቹን ታወጣ ጀመር። የእህቴ ልጅ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ እኔ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን እየቆረጥኩ እቋጥራለሁ። ሲመሽ ሰዓት ይዤ የአንድ ሃያ ያህሉን ጊዜ ለካሁ፤ ለአንዱ አራት ደቂቃ። ስድስት መቶው አርባ ሰዓት መሆኑ ነው። ከማሽኑ እጥፍ።

«አንቺ ልጅ» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ፣ «ይሄ የእኔ ድርሻ ስንት ነው?»

በቀልድ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ለኮምፔርሳቶው፣ ለሪባኑ፣ ለመብራቱ፣ አንድ ቀን መቀየሩ ለማይቀረው የሌዘር ቱቦ እንኳ በሒሳቤ ውስጥ ብር ነበረ። ለእርሷ ጥፍር ምንም አልነበረም። ለራሴም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳስረክብ ርእሰ መምህርቷ አንዱን አንሥተው አሸተቱት፤ «ዕጣን ዕጣን ይላል» አሉ። አይልም፤ ግን ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደወሉ። የአንደኛ ክፍል ወላጆች አይተው ኖሮ፣ 300 ለመስከረም ይፈልጋሉ። «ዋጋው ያው ነው አይደል ልጄ?»

ሰኞ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ደብተሬን አውጥቼ «እንጨት»፣ «ሪባን»፣ «ማሽን» ከሚሉት ሥር አዲስ መስመር አሰመርኩ፤ «ጥፍር፣ 4 ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩበት። «ተመራቂ» የምትለዋ ቃል ትቅር ካሉኝ ሁለት ደቂቃ እቀንሳለሁ። «ተመራቀ» የሚለውን እማዬ ወስዳ ከመሶቡ በላይ ሰቅላዋለች።