የጀልባዋ ደቀል

የምኖረው ኖርዊች ነው፣ በእንግሊዝ ምሥራቅ በኩል። ያን ቀን የሄድኩት መደርደሪያ ልወስድ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቤታቸውን ሊሸጡ ዕቃ ያስወጣሉ። መደርደሪያውን ከጋራዡ ስንጎትት ከኋላው አንዲት የእንጨት ጀልባ ተገልብጣ፣ አቧራ ለብሳ ተኝታለች። አጭር ናት፤ አፍንጫዋ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። "ከፈለግህ ውሰዳት፣ አለዚያ እሑድ ትሰበራለች" አሉኝ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው እንዲህ ሲባል ሰምቶ መደርደሪያ ብቻ ተሸክሞ አይወጣም።

ሚረር ትባላለች። እዚህ አገር የማያውቃት የለም። በፈረንጆች 1963 ዴይሊ ሚረር የተባለው ጋዜጣ ነው ለሕዝብ ያስተዋወቃት፤ ቀይ ሸራዋም የመጣው ከጋዜጣው ቀለም ነው። ጃክ ሆልት የተባለ የጀልባ ነዳፊና ባሪ በክኔል የተባለ፣ በቴሌቪዥን የቤት ጥገና የሚያስተምር ሰው አብረው ነው የሠሯት። ሐሳባቸው ደስ ይላል፦ ደመወዝተኛ ሰው ጀልባ እንዲኖረው። ተቆርጦ የተዘጋጀ ኮምፔንሳቶ ትገዛለህ፣ ሳንቃዎቹን ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ ትሰፋለህ፣ ስፌቱን በፋይበር ግላስ ጨርቅና በሬዚን ትለጥፋለህ። ርዝመቷ 3.3 ሜትር፣ ባዶዋን 45 ኪሎ ገደማ ናት። ከ70,000 በላይ ተሠርተዋል።

የተሰፋች ጀልባ! እኛ ጋ ታንኳ ደንገል በደንገል ላይ እየታሰረ ነው የሚሠራው። ግን ታንኳ አይጠገንም። ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ሲያረጅ ይተውና ሌላ ይታሰራል። ደንገሉ ሐይቁ ዳር አለ። እንጨት ግን ሌላ ነገር ነው። እንጨት እስኪበሰብስ ይታገሣል።

የት የት እንደበሰበሰ በካቻቢቴ ነው ያወቅሁት። ጫፉን ትጫናለህ፤ ጤነኛው ይገፋሃል፣ የታመመው ያስገባሃል። በመዶሻ እጀታም መታ መታ ታደርጋለህ፤ ደህናው ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፣ የሞተው ዱብ ይላል። ፊት ለፊት ያለው አየር የሚታፈንበት ሣጥን ክዳኑ እንደተዘጋ ለዓመታት ኖሯል። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ የውስጡን እንጨት በልቶታል። የዝናብ ውሃ ከባሕር ውሃ ይልቅ እንጨት እንደሚያበሰብስ የተማርኩት ያኔ ነው፤ ጨው ይከላከላል።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ለዓመታት እንዲህ ነው የኖርነው፤ ውስጤን ሲበላኝ ኖሯል። ጋራዥ የገባችው መጀመሪያ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ነበር። የብርጭቆ ወረቀት ሰጠኋትና "እስቲ በዚህ በኩል ፈግፊው፣ የእንጨቱን መስመር ተከተይ" አልኳት። "መስመር" ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጣቷን ይዤ እንጨቱ ላይ ሳብኩት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ መምጣት ጀመረች። መላጊያ። መጋዝ። ሞርሳ። ቪቴ። ቃሎቹ ከእጇ ጋር ነበር የሚገቡት። እቤት ጠረጴዛ ላይ በደብተር ሳስተምራት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ትልቁ ምሰሶ ላይ ደረስን። ሸራው የሚሰቀልበት ማለቴ ነው። "ምን ይባላል?" አለችኝ። ምሰሶ አልኳት። "ምሰሶ የቤት አይደለም እንዴ?" አለች። እውነቷን ነው። አባቴ ጋ ደወልን። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ደቀል ነው እንጂ ልጄ" አሉ። ሕዝቅኤል ላይ ለጢሮስ መርከብ ደቀል ይሆን ዘንድ ከሊባኖስ ዝግባ ወሰዱ ይላል ብለው ምዕራፉን ሳይቀር ነገሯት፤ 27። ጣና ዳር አድጌ ያንን ቃል ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው። የታንኳ ሰው ደቀል አያስፈልገውማ።

ደቀላችን ታች እግሩ ላይ በስብሶ ነበር፤ ማቆሚያው ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ሲተኛበት ኖሮ። ጥቁር ሆኗል። ስፕሩስ የሚባል ቀላልና ቀጥ ያለ እንጨት ነው። አዲስ መግዛት ይቻል ነበር፤ የአሉሚኒየምም አለ። እኔ አልፈለግሁም። የላይኛው ክፍል ጤነኛ ነበር፤ ጤነኛ እንጨት መጣል ነውር ነው።

የሞተውን ቆርጠህ አዲስ ስትቀጥል በቁሙ አይቆረጥም። ሁለቱም በሰያፍ ይላጋሉ፤ ስፋቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰያፉ ስልሳ ይረዝማል። ሰያፉ በረዘመ ቁጥር ኮላው የሚይዝበት ቦታ ይሰፋል። ለሁለት ቅዳሜ ላግን። አጣበቅንና ሞርሳውን እስከመጨረሻው አጠበቅሁት። ስህተቴ እዚያ ላይ ነው። ኢፖክሲ የሚባለው ኮላ ሁሉ ተጨምቆ ወጣ፤ በመሃል የቀረ አልነበረም። ጋራዡም የጥር ብርድ ነበር፣ ኢፖክሲ ደግሞ ብርድ ላይ አይደርቅም። በሳምንቱ ጎንበስ አድርጌ ስሞክረው ቋ አለና ተለያየ። ቁጭ አልኩ። ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለችና "አባዬ፣ እንደገና እንላገው" አለችኝ። በአማርኛ። ሁለተኛውን በማሞቂያ፣ ሞርሳውን ለስለስ አድርገን አደረግነው። ያዘ። ከዚያ ስድስት ጊዜ ቫርኒሽ፣ በየመሃሉ ብርጭቆ ወረቀት።

ስለ ጓደኛዬ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሜዲትራኒያንን በጎማ ጀልባ ነው የተሻገረው። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ቡና ይጠጣል፤ አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ አልገባም። እኔም ግባ አላልኩትም። ግንቦት ላይ አንድ ላስቲክ ይዞ መጣ። ውስጡ በልጄ ልክ የተገዛ ላይፍ ጃኬት ነበር። "ይህን ሳታስር እንዳትነኳት" ብሎኝ ሄደ።

ውሃ ላይ ያወረድናት ሂክሊንግ የሚባል ሐይቅ ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ያሉት ሐይቆች በድሮ ዘመን ሰዎች ለማገዶ የሚነድ አፈር ሲቆፍሩ የቀሩ ጉድጓዶች ናቸው፤ ኋላ ውሃ ሞላቸው። ጥልቀት የላቸውም፤ ዳር ዳሩን ሸምበቆ ከቦታል። ሸምበቆው ውስጥ ነፋስ ሲገባ ድምፁ ጣና ነው።

ልጄ ገመዱን ሳበች። ቀዩ ሸራ ወጣ፣ ነፋስ ያዘና ተነፋ። የተቀጠለው ቦታ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ እንጨቱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ተመለሰ። ስንመለስ ዳር ላይ ቆመን አባቴ ጋ በቪዲዮ ደወለች። "አባባ፣ ደቀሉን እይ!" ብላ ስልኩን ወደ ላይ አነሳችው።

አባቴ ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ብዙ አዩት።

"ጎሽ የኔ ልጅ። ዝግባ ነው?"