የአዳማ አቧራ በማከማቻው ፖርት ላይ

አዳማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ክፍል ስሠራ፣ የመረጃ ቋቱ ሪፖርት በሚበዛበት የከሰዓት ሰዓት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ድርቅ ብሎ ይቆምና ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥል ጀመር። ከሒሳብ ክፍል ስልኩ ይጮኻል፤ እኛ የክትትሉን ገጽ ስናይ ግን ሁሉም ፖርት (የገመድ መሰኪያ) አረንጓዴ ነው።

ክትትላችን የማከማቻ ስዊቾቹን፣ ማለትም ሰርቨሮቹን ከዳታ ማከማቻው ጋር የሚያገናኙትን መሣሪያዎች፣ በኤስኤንኤምፒ (የመሣሪያዎችን ሁኔታ በኔትወርክ መጠየቂያ ዘዴ) የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፖርቱ ይሠራል ወይስ ወድቋል? 1 ይሠራል፣ 2 ወድቋል። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ስዊቹ ሕመሙን ሁሉ በሆዱ ይዞ ተቀምጧል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አልነበረም።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ አጠገቤ ተቀምጠው የስሕተት ቆጣሪዎቹን አብረን ስናነብ፣ «ልጄ፣ ድምሩን ተወው፤ ጭማሪውን አሳየኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቆጣሪው ከተነሣ ጀምሮ እየደመረ ስለሚሄድ ትልቅ ቁጥር የድሮ ችግር ትዝታ ሊሆን ይችላል። በየ5 ደቂቃው እያነበብን ስናቀናንስ የሲአርሲ ስሕተት (ዳታው መንገድ ላይ መበላሸቱን የሚያሳይ የፍተሻ ቁጥር አለመግጠም) በበርካታ ፖርቶች ላይ በአንድ ጊዜ ሲጨምር አየን።

ይህ ብዙዎችን ያሳስታል። እኛ ጋ የነበረው ዓይነት የፋይበር ቻናል (የማከማቻ ኔትወርክ ዓይነት) ስዊች ፍሬሙ፣ ማለትም የዳታው ጥቅል፣ ገብቶ ሳያልቅ ማስተላለፍ ስለሚጀምር፣ የተበላሸውንም አሳልፎ ይሰጣል፤ የሚቀበሉት ፖርቶችም ስሕተት ብለው ይቆጥሩታል። ሲያሳልፈው ግን የፍሬሙን መዝጊያ ምልክት ይለውጠዋል። ስለዚህ ሲአርሲው ተበላሽቶ መዝጊያው ደህና የሆነ ፍሬም የሚቆጠርበት ፖርት የችግሩ መግቢያ በር ነው። ያ ፖርት አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከማከማቻው ጋር የሚያገናኘው። የሚቀበለው የብርሃን ኃይልም ከጎረቤቶቹ በግልጽ ያነሰ ነበር።

ገመዱን ነቅለን ጫፉን በማይክሮስኮፕ ስናየው የአቧራ ቅንጣት መሐሉ ላይ ተለጥፏል። በዚህ ፋይበር ውስጥ ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት ስፋቱ 50 ማይክሮሜትር ነው፤ ቅንጣቷ ትንሽ ብትሆንም ለእሱ ብዙ ናት። አቧራው ከየት እንደ መጣ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለላትን ከተማ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። ማቀዝቀዣው የተበላሸ ሰሞን የክፍሉ በር ተከፍቶ ይውል ነበር፤ ገመዶች የተዛወሩትም በዚያው ሰሞን ነው።

ግማሽ ደቂቃውም ምክንያት ነበረው። ማከማቻው ላይ የምንጠቀምበት የፋይበር ቻናል አሠራር የጠፋን ፍሬም ራሱ ደግሞ አይልክም። ሰርቨሩ መልሱን ይጠብቃል፤ በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የተለመደው የዲስክ ትእዛዝ ገደብ 30 ሰከንድ ነው። ትእዛዙን ሠርዞ እንደገና የሚሞክረው ያ ካለፈ በኋላ ነው።

ጫፉንም ፖርቱንም በፋይበር ማጽጃ ጠርገን መለስነው። ቆጣሪው ባለበት ቆመ፤ የሒሳብ ክፍሉም ስልክ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ የስሕተት ጭማሪና የብርሃን ኃይል ማንቂያ ለስዊቾቹ አበጀን። ጋሼ ስዊቹ በራሱ በሚልከው ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዳንተማመን አጥብቀው ተናገሩ፤ በ162 ዩዲፒ ፖርት (የገመድ መሰኪያ ሳይሆን የኔትወርክ መቀበያ ቁጥር) የሚመጣው ያ መልእክት ደረሰኝ የለውም፣ መንገድ ላይ ቢቀር ላኪው አያውቅም። ስለዚህ በየ5 ደቂቃው መጠየቁን አላቆምንም። ባዶ ፖርቶች ሁሉ ክዳን ተደረገላቸው፤ የክፍሉ ሙቀትም በዚያው ክትትል ውስጥ ገባ፤ ማቀዝቀዣው ሲደክም በሩን ሰው ከመክፈቱ በፊት እንድናውቅ።