የድልድዩ ግድግዳ፣ ኖራና እኔ፦ ደሴ ላይ የሞከርነው

ደሴ ውስጥ አንድ ቀበሌ የወጣቶች ጉዳይ ላይ ሠርቻለሁ። የትኛው ቀበሌ እንደሆነ አልጽፍም፣ ልጆቹ አሁን አድገዋል፣ ትዳር የያዙም አሉ። ቦርከና መሀላቸው ሚያልፍ ሁለት ሰፈሮች ናቸው፣ ላይኛውና ታችኛው፣ ሚያገናኛቸው አንድ ትንሽዬ ድልድይ ነው፣ የልጆቹ ጸብም ግድግዳ ላይ ሚጽፉትም እዛች ድልድይ ዙሪያ ነው። የየሰፈሩ ልጆች የተቧደኑባቸውን ግሩፖች ስምም አልጠራም፣ ስማችን ይጠራ ብለው አይደል ግድግዳ ሲሞሉ የከረሙት።

2011 ላይ ስገባ ነገሩ ብሶ ነበር። ቅዳሜ ማታ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ ፌሮ፣ አንዴ ደሞ ሰንጢ። ማታ ከተጣሉ ጠዋት ግድግዳው ይነግርሀል፣ የግሩፕ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከጎኑ ቁጥር ምናምን፣ ከስሩ ስድብ። ብር ያለው በስፕሬይ የሌለው በከሰል።

የኔ ሀሳብ ቀላል ነበር፣ እናጥፋው በቃ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ያነበብኩት አንድ ጥናት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ ኔዘርላንድ ግሮኒንገን ሚባል ከተማ ውስጥ የተሠራ በፈረንጆቹ 2008 የወጣ፣ ሰው ሳይክሉን ያቆመበት ሄደው እጀታው ላይ ወረቀት ያስሩለታል፣ ባለሳይክሉ ሲመጣ ወረቀቱን ምን እንደሚያረገው ያያሉ፣ ግድግዳው ንጹህ ሲሆን እዛው የጣለው ከመቶ 33 ነው፣ ግራፊቲ ሲሞላበት ግን 69። ለአለቃዬ ይሄን አወራሁለት፣ እሱም ሰምቶ ሰምቶ "በጀት የለም፣ ኖራ ግን አለ" አለኝ።

ስለ ኖራ ትንሽ ላውራ፣ ሌላ ቦታ ይሄን ሚሞክር ካለ ይጠቅመዋል። ጭቃ ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈን ኖራ ይሸፍናል፣ ትንሽ ጨው ወይ ኮላ ከቀላቀላችሁበት ደሞ ቶሎ አይለቅም። ስፕሬይና ዘይት ቀለም ላይ ግን አይዝም፣ ይላጥና ጥቁሩ ከስር ብቅ ይላል፣ የደሴን ክረምት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌ ላይ የቀባነው ነሐሴ ሳይገባ ታጥቦ ቦይ ውስጥ ነው ያገኘነው። ቆርቆሮ አጥር ላይ ዘይት ቀለም ካልሆነ አትልፉ፣ እሱም ከአጥሩ ቀለም ጋር ካልገጠመ ጽሑፉ ብቻ ላይ የተቀባችው ቦታ ጥቁር ሰሌዳ ትሆንላቸዋለች፣ በማግስቱ እዛው ላይ ነው ሚጽፉት። ወይ አጥሩን ሙሉውን ቀቡ ወይ ተዉት።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። አንድ ጠዋት የታችኞቹን ስም አጠፋን፣ የላይኞቹ የተጻፈበት አጥር ግን የግለሰብ ነው፣ ባለቤቱ አልነበረም፣ ሳናስፈቅድ አንነካም ብለን ነገ እንመለሳለን አልን። ማታውኑ ተፈነካከቱ። ለካ የታችኞቹ ቀበሌው ለላይኞቹ ወግኖ ስማችንን አጠፋው ብለው ነው። እኔ እኮ ቀለም ነው የመሰለኝ።

ከዛ ደሞ የባሰ አረግኩ። የሰፈር ጸጥታ ስብሰባ ላይ የልጆቹን ስም ዝርዝር አምጣ ተባልኩ፣ ጎረቤት ጠያይቄ 14 ስም ጽፌ ሰጠሁ። ያኔ ሁሉም ሰው አፍ ላይ "አደገኛ ቦዘኔ" ሚል ቃል አለ፣ አዋጅም አለው፣ ቁጥር 384/1996፣ በሱ የተጠረጠረ ሰው ዋስትና አያገኝም። ከ14ቱ አንዱ ዳቦ እየዞረ ሚያደርስ ልጅ ነበር፣ ከግሩፑ ጋር ያለው ነገር ቢኖር ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይዞ በነሱ በር ማለፉ ነው። ቀናት ታሰረ። እናቱ ቢሮ መጡና ቆመው "ልጄ፣ ስሙን የጻፍከው አንተ ነህ?" አሉኝ። አልጮሁም እኮ፣ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። "አዎ እማማ" ከማለት ውጪ ምን ልበል፣ አልኳቸው። ሄጄ ተሳስቻለሁ ብዬ ፈርሜ ተለቀቀ፣ ግን ከዛ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ልጅ ሰላም አላለኝም። ሰላም ቢሉኝ ነበር ሚገርመኝ።

መሀል ላይ የሥዕል ነገርም ሞክረናል። አሜሪካ ፊላዴልፊያ በፈረንጆቹ 1984 ላይ ከንቲባው ግድግዳ ሚጽፉትን ልጆች ሰብስቦ ሥዕል አስጀመራቸው፣ ዛሬ ከተማው በግድግዳ ሥዕሉ ነው ሚታወቀው ሚለውን አንብቤ ነው። እኛ ጋ ግን ምን እንደሚሳል የወሰነው ቢሮው ነው፣ ጦሳ ተራራ ከፊቱ ጀበና፣ ሠዓሊውም ከሌላ ሰፈር የመጣ። በሳምንቱ ጀበናው ጢም ወጥቶለት አገኘነው። እውነት ለመናገር ጢሙ ከጀበናው በደንብ ተስሏል።

ነገሩ የዞረልኝ ድልድዩ አፍ ላይ ቡና ሚያፈሉ እትዬ ጋ መቀመጥ ስጀምር ነው። ከማጥፋቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳ ነበር፣ ለሪፖርት። አንድ ቀን ፎቶዎቹን ሳሳያቸው "ይቺ እኮ ዳቦ ቤቱን አልፈህ እንዳትወርድ ነው ምትል" አሉ። ቀስት ሚመስለውን እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። የላይኛው ሰፈር ልጆች ትምህርት ቤታቸው ከድልድዩ ማዶ ነው፣ የታችኞቹ ደሞ ሚጫወቱበት ኳስ ሜዳ ያለው ላይኛው ሰፈር ነው። ሁለቱም በሌላው ሰፈር ካላለፉ አይሆንላቸውም፣ ጽሑፉም ማን በየት በስንት ሰዓት ቢያልፍ እንደሚመታ ነው ሚናገረው። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ከኔ በላይ አነበቡት።

ከዛ በኋላ የሠራነው ተራ ተራ ነገር ነው። ድልድዩ ላይ መብራት፣ ደብዳቤ ጽፈን ምላሹን ስንጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከራሳቸው ቆጣሪ መስመር ሳቡልን፣ አምፖሉ ሦስቴ ተሰበረ፣ በአራተኛው ተዉት። ሜዳው ላይ ደሞ መጀመሪያ ከሁለቱም ሰፈር ቀላቅለን ቡድን ሠራን፣ ኧረ አይሆንም፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ቡጢ። ጠዋት የላይኞቹ ከሰዓት የታችኞቹ ብለን ከፈልነው፣ እሱ ሠራ። አንድ ላይ ካልተጫወቱ ፍቅር አይሆንም ሚለው የኛ የቢሮ ሰዎች ምኞት ነው።

የሰንጢው ጉዳይ ግን በመብራትና በኳስ አያልቅም። እሱን የጨረሱት አበጋሮች ናቸው። ከውጭ ለሚያነቡ፣ አበጋር ወሎ ውስጥ ደም እንኳ ቢፈስ ሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። እኔ ማን እንደወጋ ሚጠይቁ መስሎኝ ነበር፣ እነሱ የጠየቁት መጀመሪያ ድልድዩን ለማን ማን ከለከለ ብለው ነው። ግማሽ ቀን ፈጀ፣ የሕክምናውን ወጪ የወጊው ቤተሰብ ቻለ፣ በዱዓ አለቀ። ስወጣ አንዱ አባት "አብሽር፣ አንተም ትማራለህ" አሉኝ፣ የዳቦውን ልጅ ነገር ሰምተዋል ማለት ነው።

ሥራውስ ምትሉኝ ካላችሁ፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ደሃ ቤተሰብ የአካባቢ ሥራ እየሠራ ሚከፈልበት ፕሮግራም፣ 2009 ላይ ሲጀመር ደሴ ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች፣ ልጆቹን እዛ አስገባለሁ ብዬ ነበር። ግን ሚለየው ቤተሰብ ነው፣ ከደሃም ደሃው፣ አብዛኞቹ ደሞ 18 አልሞሉም። የገቡት እናቶቻቸው ናቸው። መንገድ ሲጠርጉ ልጆቻቸው በዛ ግድግዳ ላይ መጻፍ አፈሩ፣ ይሄን ማንም አላቀደውም።

ጽሑፉ ጠፋ አልልም። ሲመጣ ፎቶ እናነሳለን፣ እትዬን እናማክራለን፣ ካጠፋን የሁለቱንም በአንድ ጠዋት፣ ተማሪ ሳይወጣ በፊት። የ12 ዓመት ልጅ ስንይዝ ወደ ጣቢያ አንሮጥም፣ ሕጉም ከ9 እስከ 15 ያለውን ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፣ ታላቅ ወንድሙን ነው ምንጠራው፣ ብዙ ጊዜ እሱም ድሮ ግድግዳ ላይ ሲጽፍ የነበረ ነው። 2014 ላይ ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አላወራም።

አሁን ድልድዩ ግድግዳ ላይ በብዛት ያለው "ቤት ይሸጣል" ነው ከነስልክ ቁጥሩ፣ በዘይት ቀለም፣ በትልቁ። ደላሎቹን አንዱንም አልቻልኳቸውም፣ ደውዬ አጥፉ ስላቸው ቤት ፈልገህ ነው ወይ ይሉኛል።