ቀልቶ የማያውቀው ኤክዜማዬ

ኤክዜማ፣ ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። ስለ እሱ ያነበብኩት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል «ቆዳው ይቀላል» ይላል። የእኔ ቀልቶ አያውቅም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ሲነሳ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። አንዳንዴም በጣት ካልተዳሰሰ የማይታወቅ ሻካራ ሽፍታ ብቻ ይሆናል።

የአሁኗ ሐኪሜ ይህን ታውቃለች። መብራት አስጠግታ አየችና በጣቷ ዳበሰችው። ክርኔ መታጠፊያ ላይ ቆዳው ወፍሮ መስመሮቹ ጎልተዋል፤ የዓመታት ማከክ ያመጣው ነው። ከዚያ ጥያቄ አዥጎደጎደችብኝ። ማታ ይብሳል ወይ? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? አስም ያለበት ዘመድስ? ሁሉንም የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላላ! የደም ምርመራ ታዝዛለች ብዬ ስጠብቅ አላዘዘችም። ለካ ኤክዜማን ቁርጥ አድርጎ የሚናገር የደም ምርመራ የለም። እግሬ ላይ ያለችውን ክብ ነገር ግን ፋቅ ፋቅ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አሳየችልኝ። ጭርት ከሆነ ለኤክዜማ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ቅባት ያባብሰዋል። ደግነቱ ጭርት የሚያመጣው ፈንገስ አልተገኘም።

ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ሰው ይፈራና እንደ ሽቶ ጠብ ያደርጋል። መለኪያ አለው እኮ። ከቱቦው እየጨመቃችሁ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ አስምሩ። ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ጣቶችን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ያህል ቦታ ይሸፍናል። ለፊት ግን ለስለስ ያለ ዓይነት ነው የሚታዘዘው። ማሳከኩና ሻካራነቱ ሲጠፋ ሐኪሙ ባለው መሠረት ይቆማል። ሽፍታው ትቶት የሚሄደው ጥቁር ምልክት ወራት ሊቆይ ይችላል፤ እሱን ላጥፋ ብሎ ስቴሮይድ መለቅለቅ ቆዳ ማሳሳት ነው።

የቆዳ ማለስለሻው ቅባት ግን በየቀኑ ነው፣ ደህና በሆንኩበት ቀንም። ለብ ባለ ውሃ ታጥቤ፣ ገላዬ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት እቀባለሁ። ሎሽን ውሃው ይበዛል፣ ለእኔ አይበቃኝም። ቅባቱ ልብስ ያበላሻል፤ ይሁና፣ ምን ይደረጋል።

ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ወይም ውሃ ካዠ ባክቴሪያ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዩት። የሚያም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ድንገት ከወጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።